«ወንድሜ ከአሜሪካ የሚመጣው እናታችንን ሊያይ ነው ወይስ አሞራ?»

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ሥራዬ ባንክ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ አይዳሆ ስቴት፣ ቦይሲ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ከሄደ 12 ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን አልመጣም። ዘንድሮ በመጋቢት፣ ከዒድ ጥቂት ቀን በኋላ፣ የ11 ዓመት ልጁን ይዞ ለ10 ቀን እመጣለሁ አለ። እናቴ የሰማች ዕለት አልቅሳ ጎረቤቱን ሁሉ አስለቀሰችው።

ልጁ በንስርና በጭልፊት ያበደ ነው። እነሱ ጋ በፀደይ የአዳኝ ወፎች ፌስቲቫል አለ፤ በየዓመቱ አባቱ ይወስደዋል። ዘንድሮ በኛ ጉዞ ምክንያት ያመልጠዋል። አኩርፎ ነበር አሉ። ወንድሜ ሊያባብለው ብሎ «እዚያ የራስህን ፌስቲቫል እናዘጋጅልሃለን» ብሎታል። አዘጋጇ እንግዲህ እኔ ነኝ። ዕቅዱን በኤክሴል ሠርቶ ላከልኝ፤ ከ10ሩ ቀን 7ቱ የወፍ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተን ቆሻሻ መጣያ፣ አዋሽ ሄደን አድረን፣ ከዚያ ሐረር፣ ከዚያ ደንገጎ። ለእናቴ የተረፈላት የመጀመሪያው ቀን እራትና የመጨረሻው ቀን ምሳ ነው። መኪና ፈልጊ፣ የሚያሳየን ሰው ፈልጊ፣ ፈቃድ ጠይቂ፤ ሁሉም እኔ ላይ።

እናቴ ደግሞ ከወዲሁ ከፍቷታል። «በጾም መጣብኝ፤ ዶሮ አላርድለት ነገር። ፋሲካንም አይውልልኝም። ያለችውንም ቀን ለአሞራ ሰጣት?» ትላለች። ይህን የምትለው ከዕቅዱ ግማሹን ደብቄያት ነው። የቁልቢ ገብርኤልም ስለት አለባት፤ «ልጄን ካሳየኸኝ» ብላ የተሳለችው። ለእሱ ብነግረው ልጁን ያልፈለግነው ይመስለዋል፤ ለእሷ ሙሉውን ባሳያት ትታመምብኛለች። አቦ፣ ሰለቸኝ። ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬ ብገላገል ይሻላል? ለማን ልወግን?

መሃል ላይ የቀረሁት፣ ከሳቢያን

*

እህቴ፣ ያቺ «ፈቃድ ከለከሉኝ» የምትለዋ ሐሳብ የመጣችብሽ ሰነፍ ስለሆንሽ አይመስለኝም። 12 ዓመት ሙሉ እናትሽን ሐኪም ቤት የወሰድሽው፣ የቤቱን ጣሪያ ያሳደስሽው፣ በየበዓሉ ስልኩን ይዘሽ «በይ ልጅሽ ነው» ያልሽው አንቺ ትመስይኛለሽ። አሁን እንግዳው ሲመጣ አስተናጋጇም አንቺ፣ አስጎብኚዋም አንቺ፣ ኩርፊያ አብራጇም አንቺ። ደብዳቤሽ ውስጥ ወንድምሽ እንደናፈቀሽ የሚናገር አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። አልናፈቀሽም? ወይስ ናፍቆቱን እንኳ ለመናፈቅ ጊዜ አጣሽ? ይህን ለኔ አትመልሺልኝ፤ ስልክ ስትደውዪለት ግን ከዚህ ብትጀምሪ ጥሩ ነው።

ወንድምሽንም ቶሎ አንፍረድበት። ከሩቅ ስገምት ይህ ኤክሴል የፍርሃት ኤክሴል ነው። ልጁ አገሩን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቃት፤ አማርኛውም ይሰበር ይሆናል። አባትየው «ልጄ ድሬን ሳይወዳት ቢመለስስ? ዘመድ ተሰብስቦ ሲስመው ውሎ ሲሰላች ቢውልስ?» ብሎ ሰግቷል። ስለዚህ ልጁ በሚወደው ነገር ቀኑን ሁሉ ሞላው። እናቱን ረስቶ አይደለም። እናቱ ሁልጊዜ እንደምትጠብቀው ስለሚያውቅ ነው፤ እናትን የሚጎዳት ደግሞ ይኸው ነው።

ልጁም ቢሆን ዝም ብሎ ያዙኝ ልቀቁኝ እያለ አይደለም። እነሱ ያሉበት አካባቢ ስኔክ የሚባል ወንዝ አለ፤ ገደሉ ላይ በየፀደዩ ወደ 700 ጥንድ ገደማ አዳኝ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ፤ 16 ዓይነት። በሰሜን አሜሪካ እንደዚያ ተጠጋግተው የሚፈለፍሉበት ሌላ ቦታ የለም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በሕግ የተከለለውም ለዚሁ ነው። እዚያ የሚያድግ ልጅ በመጋቢት ከዚያ ገደል መቅረት ለሱ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ጥምቀትን ከሰፈር ርቀን ስንውል ከሚሰማን ብዙም የሚለይ አይመስለኝም። ኩርፊያውን እንደ ቅብጠት አትዩበት።

አሁን ወደ ዕቅዱ። እዚህ ላይ ወፎቹ ራሳቸው ከእናትሽ ጋር ወግነዋል። ትልልቆቹ አሞራዎችና ንስሮች ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ አይሄዱም፤ አይችሉትም፤ ይከብዳቸዋል። የሚያነሳቸው ከመሬት የሚወጣው ሙቅ አየር ነው። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ ዛፍና ምሰሶ ላይ ኩርምት ብለው ይጠብቃሉ። ሰማይ ላይ መዞር የሚጀምሩት ረፈድ ሲል፣ ከ3 ሰዓት ወዲህ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ በጨለማ የሚንከራተት ሰው የሚያየው እንቅልፋም አሞራ ነው። በ6 ሰዓት ደግሞ የድሬን ፀሐይ ታውቂዋለሽ፤ እነሱም ነጥብ እስኪያህሉ ከፍ ይላሉ፣ እናንተም ትቀልጣላችሁ። ስለዚህ የወፍ ቀን ማለት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ካሻችሁም ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለችው ጊዜ ናት። ጠዋቱ፣ ቁርሱ፣ ቡናው፣ ምሳውና የቀትሩ እንቅልፍ የእናትሽ ነው። ለወንድምሽ ስትነግሪው «እማዬ ቅር አላት» ብለሽ አትጀምሪ፤ ከወፎቹ ሰዓት ጀምሪ። ልጁ ራሱ ቀድሞ ይገባዋል፤ እንዲያውም አባቱን ያርመዋል ብዬ ነው የምገምተው።

አዋሽን ሰርዢው። መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ይበላል፤ ለ10 ቀን እንግዳ አይሆንም። ይህን እኔ ብያለሁ በይ።

ስለ ቆሻሻ መጣያው አትሳቂበት። እኔም መጀመሪያ ሳነብ ስቄ ነበር፣ ግን ልጁ ያለ ምክንያት አልመረጠውም። ፊቱ ቢጫ የሆነ፣ ከዶሮ ተለቅ የሚል ነጭ ጥንብ አንሳ አለ፤ የግብፅ ጥንብ አንሳ ይሉታል። ከአውሮፓ ተነስቶ በረሃና ባሕር አቋርጦ እኛ ጋ ይከርማል። ቡልጋሪያ ውስጥ ጀርባቸው ላይ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ወፎች ኢትዮጵያ ደርሰው ከርመዋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል። እኛ ጋ የሚገድለው አንዱ ነገር የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ምሰሶው ላይ ሊያርፍ ሲል ያቃጥለዋል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ለልጁ ይነገረው፤ በመጋቢት መጨረሻ ነጮቹ፣ ማለትም ትልልቆቹ፣ አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ተመልሰዋል። ከካዛኪስታን የሚመጡት ንስሮችም እንዲሁ። የሚቀሩት ጎረምሶቹ ናቸው። የነጩ ጥንብ አንሳ ልጅ ቡናማ ጥቁር ነው፤ ነጭ እስኪሆን 5 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወደ ትውልድ አገሩ ሳይመለስ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ይቆያል። ልጁ «ነጭ አሞራ አያለሁ» ብሎ መጥቶ ሲያጣ ቢከፋው ጥፋቱ ያንቺ ይሆናል፤ «ቡናማዎቹን ፈልግ» ተብሎ ከመጣ ግን ሥራ አገኘ ማለት ነው። ቦታው ድረስ ለመሄድ የሚመለከተውን የከተማውን ጽሕፈት ቤት ቀድመሽ ጠይቂ፤ አፍና አፍንጫ መሸፈኛና ድፍን ጫማ ይያዝ፣ ልጁ ከመኪናው ብዙ አይራቅ። አንድ ረፋድ ይበቃል። ቄራው አካባቢም አባ ኮዳና ፊቷ ሮዝ የሆነች ትንሽ ቡናማ ጥንብ አንሳ ይታያሉ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2015 ከሁሉም የከፋ አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ውስጥ ገብታለች፤ እኛ ግን በድንጋይ ነው የምናባርራት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወጪ የለውም። እናትሽ ለልጇ ስንቅ ሳታዘጋጅ እንደማትሸኘው እርግጠኛ ነኝ። ሽሮና በርበሬ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ጨርሳ አትጠብቃቸው፤ እነሱ ባሉበት ታድርገው። በርበሬው ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ሲሰጣ፣ ልጁ ከአያቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዛላውን እየቀነጠሰ። ከላይ የምትዞረው ጭልፊት ደግሞ ጫጩት ካለ አትቀርም፤ ጭራዋ መሃሉ ላይ ገባ ያለ ነው፣ ስትዞር እንደ መሪ ታጣምመዋለች። አያት «ሂጂ አንቺ ሌባ!» ብላ ነጠላዋን ስታራግፍ፣ ልጅ ደግሞ የወፏን ስም በእንግሊዝኛ ሲነግራት፣ ቋንቋ ባይኖርም የሚግባቡበት ነገር ይገኛል። ዶሮ ወጡ በጾም ቀረ እንጂ እናትነቷን የምታሳይበት ሙያ አልቀረም። በነገራችን ላይ እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ በርበሬ ነው።

ሐረር አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይገባታል፤ ይህ ቀን የልጁ ነው፤ ለፌስቲቫሉ ምትክ ብትዪውም ያስኬዳል። ጁገል ውስጥ፣ ግድር መጋላ ሥጋ ተራ፣ ጭልፊቶቹ ጣሪያና ግንብ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሥጋ ሻጮቹ ቅንጥብጣቢ ሲወረውሩ ከአየር ላይ ይቀልባሉ፤ ለእንግዳም በእጅ ይዞ እንዲያበላ ይሰጣሉ። ልጁ ክንዱን ወደ ላይና ከፊቱ አርቆ ይዘርጋ፣ ኮፍያና መነጽር ያድርግ፤ ጥፍራቸው ይቧጭራል፤ ሲጨርስ በሳሙና ይታጠብ። ምናልባት «ለዱር ወፍ ምግብ አይሰጥም» ብለው አስተምረውት አልፈልግም ይል ይሆናል። ያኔ አታስገድዱት፤ ቆሞ ይይ፤ እዚያ ቆሞ ማየትም ይበቃል። ማታ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ጅብ ማብላቱ አለ፤ ጅብ ወፍ ባይሆንም ልጁ ቅሬታ የሚያቀርብ አይመስለኝም።

የሚመጡበት ሰሞንም ጥሩ ገጥሟል። ከዒድ በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያልቅ ሐረሪዎች ሹዋሊድን ያከብራሉ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የመዘገበው በዓል ነው። ሌሊቱን በዚክርና በከበሮ ያነጉታል፤ ወጣቶቹ ለብሰው የሚወጡበት ቀን ነው። ልጁ አንድ ፌስቲቫል ቀርቶበት ወደ ሌላ ፌስቲቫል መምጣቱን ለአባቱ ንገሪው። ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን ከሐረር ሰው አጣሪ። ሐረር የሚያውቁት ሰው ካላችሁ ማታውን ከቤተሰብ ጋር ሆናችሁ ብታዩት ከቱሪስትነት ይወጣል።

ስለቱ ግን ለድርድር አይቀርብም። መጋቢት 19 የገብርኤል ወርሐዊ በዓል ነው፤ እንደ ታኅሣሥና እንደ ሐምሌው መንገዱ አይጨናነቅም፤ እናትሽ ሳትገፋ ሳትጋፋ ልጇን ይዛ ትገባለች። ሹዋሊድ እዚያው ቀን ላይ ቢገጥም ቁልቢን ጠዋት፣ ሐረርን ማታ አድርጉ፤ ለእናትሽ ከከበደ እሷን መልሳችሁ ሂዱ። አሁን ካርታውን አስቢው። ከድሬ ወጥታችሁ ዳገቱን ስትጨርሱ ደንገጎ ናችሁ፤ ወደ ቁልቢም ወደ ሐረርም የሚያስገነጥለው እዚያ ነው። ከታች ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደንገጎ ከ2,000 ያልፋል፤ ነፋሱ ገደሉን መትቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ወፎቹም ነፋሱ ላይ ተንሳፍፈው ይቆማሉ። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ጭራው ቀይ ቡናማ የሆነ አንድ የደጋ ወፍ አለ፤ እዚያ አካባቢ ስልክ እንጨት ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። ከቁልቢ ስትመለሱ፣ ረፋድ ላይ፣ ደንገጎ መኪናው ሰላሳ ደቂቃ ይቁም። እናትሽ ከመኪና ሳትወርድ ቆሎዋን ትቆርጥም፣ ልጁ ይይ። በኤክሴሉ ላይ ደንገጎ ለብቻው አንድ ቀን ተሰጥቶታል፤ ያ ቀን ለእናትሽ ተመለሰላት ማለት ነው።

እንዲህ ስናደርገው የቀረው ሙሉ የወፍ ቀን ሐረር ብቻ ነው፤ ሌላው ረፋድ ነው፣ ስለቱ ነው፣ በርበሬው ነው፣ ዘመድ ነው። አንድ ቀን ግን ለአንቺና ለወንድምሽ ብቻ ይሁን። ልጁ አያቱ ጋ ይዋል። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ወክ በሉ፣ ምድር ባቡር ጣቢያው ድረስ ሂዱ፣ ፉል ብሉ። የእናትሽን ጤና፣ ገንዘቡን፣ አንቺ ወደፊት ማግባትም ይሁን ሌላ ከተማ መዛወር ብትፈልጊ እናትሽ ከማን ጋር እንደምትሆን፣ ይህን ሁሉ በስልክ ያላወራችሁትን እዚያ አውሩት። ይህን ቀን ኤክሴሉ ላይ ራስሽ አስገቢው። ካላስገባሽው ማንም አያስገባልሽም።

ለእናትሽ የደበቅሽውን ግማሽ አውጪው። አዲሱ ዕቅድ ከተሠራ በኋላ ግን፣ የበፊቱን አይደለም። ስታሳያት ደግሞ ጠይቂያት፤ «እማዬ፣ ልጁ ሲመጣ የቱን ቀን ከሱ ጋር መዋል ትፈልጊያለሽ? ሐረር አብረሽን ትመጫለሽ?» ማን ያውቃል፣ ጭልፊት ሥጋ ሲቀልብ ማየት የምትፈልገው እሷ ልትሆን ትችላለች። ካልፈለገችም ተጠይቃ ነው የቀረችው።

ለወንድምሽ በጽሑፍ አትላኪለት፤ በጽሑፍ ሲነበብ ወቀሳ ይመስላል። ደውዪ። እንዲህ ብትዪው፦ «ልጁን ደስ እንዲለው አደርጋለሁ፣ ቃሌ ነው። ግን ብቻዬን አልችልም። ዕቅዱን ሳትጠይቀኝ ስለሠራኸው ቅር ብሎኛል። ናፍቀኸኛልም።» ከዚህ በላይ አታብራሪ። ዝም ካለ ዝም ይበል፤ አንቺ ቶሎ ብለሽ «ግን ችግር የለውም» እንዳትዪ፤ እንዲህ ያለው ልማድ ያለብሽ ይመስለኛል።

ሥራውንም ተካፈሉ። የመኪናውን ኪራይና የነዳጁን ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ይላክ፤ ከአንቺ ደሞዝ ወጥቶ «በኋላ እንተሳሰባለን» አይሠራም። ባይኖኩላር ይዘው ከመጡ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳባቸው ስለሚችል ምን እንደሚያስፈልግ እሱ እዚያ ሆኖ ኤምባሲውን ይጠይቅ። ድሮን የሚባል ነገር ያለ ፈቃድ እንዳያመጣ፤ ይወስዱበታል። ድሬ አየር ማረፊያ አካባቢም ባይኖኩላርና ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ወፎቹን የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዱር እንስሳት የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ አንድ ተመራቂ ተማሪ ለአንድ ረፋድ አብሯችሁ ቢወጣ ልጁ ጥያቄውን ሁሉ እሱ ላይ ያፈስበታል፣ አንቺም ታርፊያለሽ።

ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ጠይቂ፣ ለአምስት ቀን ብቻ። ባለመኪናውንና የሐረሩን ማደሪያ ግን በዚህ ሳምንት ተነጋገሪ፤ በሹዋሊድ ሰሞን ሐረር ድንገት ገብቶ አልጋ ማግኘት ይከብዳል።